የዋንዛው እባብ ዐይኖች

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ አበው። ደግ ብለዋል። እኔ ግን ነገር ሁሉ የሚገለበጥብኝ ሴት ስለሆንሁ፣ ልጥ ያየሁ መስሎኝ እባብ ላይ ሱሪ ላሰጣ ነበር። ያውም የሰው ሱሪ።

የሰው ሱሪ ስላልሁ ፊታችሁን አታጥቁሩብኝ። ባሌ አዱኛ ፒያሳ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ይሰፋል፤ እኔ የጠመኔውን ምልክት አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ተኩሼ እመልሳለሁ። ዘመኑ ጣሊያን ወጥቶ ጥሎት የሄደው ማኪና ሁሉ ገና በየዳገቱ የሚያጓራበት ዘመን ነው፤ ካኪ ሱሪ የሌለው ሰው ራሱን ሥራ እንደሌለው ይቆጥር ነበርና የማሰጫ ገመዴ አርፎ አያውቅም።

የምንኖረው ከቀሃ ወንዝ በላይ፣ አማቴ ግቢ ውስጥ ነው። አማቴ መሪጌታ ናቸው። ሲዘምሩ ድምፃቸው ያዘነ ልብ ያርሳል፤ ሲቆጡም የሚጠቀሙት ያንኑ ድምፅ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ግቢ እሳቸው፣ ልጃቸው አዱኛ፣ እኔና አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበርን። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ እትዬ ብርቄ የሚባሉ ጠላ ሻጭ አሉ። ከአምባ ጊዮርጊስ ተድሬ ከመጣሁ ዓመት አልፎኝ እንኳ «ሙሽሪት» ማለቱን አልተዉም ነበር። ሸጋ ሴት ናቸው፤ ብቻ ወሬ እሳቸው ቤት ከገባች ተጠንስሳ፣ ተጠምቃ፣ አረፋ ደፍታ ነው የምትወጣ።

ያን ቀን ጠዋት ገመዱ ሞላብኝ። አንዲት ሱሪ ቀረችኝ። ቀና ስል ከዋንዛው ቅርንጫፍ ዝቅ ብላ የተንጠለጠለች አረንጓዴ ልጥ አየሁ፤ እሷ ላይ ጣል ላደርጋት እጄን ዘረጋሁ። ልጧ ዞር አለችልኝ።

ልጥ ለሰው መንገድ ሲለቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም ነበር። ሱሪውን እንደያዝሁ ቆሜ፣ ልጧ ጫፏ ላይ ምላስ አውጥታ መልሳ አስገባች። እኔ አልጮህሁም። ቀሃ ማዶ ያሉት ሰዎች ናቸው ጮኸሻል የሚሉኝ።

ሰፈሩ ተሰበሰበ። እባብ ማለት ሰው ሲሰበሰብ የሌለ፣ ሰው ሲበተን ያለ ፍጥረት ነው። አዱኛ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ቅጠሉን በሜትር እንጨቱ ሲነካካ ቆየና፣ እባብ ሳይሆን የወፍ ጎጆ አውርዶ ወፏን አስለቀሰ። አማቴ ሽቅብ አየት አድርገው፣ ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይ ሳትደግሚ ከቤት አትውጪ ብለውኝ ገቡ። እትዬ ብርቄ ደግሞ ሆዴን ዳበስ አድርገው፣ እርጉዝ ሴት የሌለውን ታያለች ብለው ለሰው ሁሉ አወጁ። ማታውን አዱኛ እውነት ነው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እባቡን ነው ወይስ ልጁን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፤ ለሁለቱም ቀን ይፈታዋል አልሁት።

እኔ ተቀምጬ የምሰማ ሴት አይደለሁም። ሲያምኑኝ እረሳለሁ፤ ሳያምኑኝ ሲቀሩ ግን ቂጤ መሬት አይነካም። ምን ይመስል ነበር ሲሉኝ በቃሌ ብነግራቸው፣ አንዱ አለንጋ ያክል ነው ሲል ሌላው መጫኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ልሳለውና ይዩት አልሁ።

አዱኛ ለጥልፍ ንድፍ እንዲሆነኝ ከአረብ ቤት የገዛልኝ ባለ ቀለም እርሳስ ነበረኝ። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም። ፊደልም ቢሆን የለየሁት አማቴ ተማሪዎቻቸውን ደጅ ሲያስቆጥሩ፣ ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ቀዳዳ ነው። እነሱ በኩርኩም የተማሩትን እኔ ሽሮ እያማሰልሁ በነፃ ተማርሁት። ሐረግ ከሆነ ቀሚስ ጠርዝ ላይ እንደ ውኃ አወርደዋለሁ። የሐረግ ጥሩነቱ ግን በተውሽው ቦታ መቆየቱ ነው።

እባቡ አይቆይም። ዋንዛው ሥር በርጩማ ይዤ ቁጭ እላለሁ፤ ጭራውን ያሳየኛል፤ ጭራውን ስዬ ቀና ስል ወገቡን ነው የማየው፤ ወገቡን ስጀምር ቅጠል ብቻ ይቀራል። እኔም ያው ነኝ፤ ብድግ እላለሁ፣ እዞራለሁ፣ በርጩማዬን አዛውራለሁ። ሁለት የማያርፉ ፍጥረታት አንድ ዛፍ ላይ ተገናኝተን ተቸገርን። ወጥ አረረ። ካውያ ሱሪ ላይ ተረሳ። አረንጓዴው እርሳስ በቢላ ስቀርጸው እያጠረ ሄደ። የመጀመሪያውን ሥዕል ለአዱኛ ባሳየው፣ መቀነትሽን ምነው አረንጓዴ አደረግሽው አለኝ። ሁለተኛውን ሳሳየው ትከሻዬን ነካ ነካ አደረገኝ፤ ያ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ እባቡ ራሱ ሳይሰለቸው አልቀረም። ከቅርንጫፉ ቁልቁል ወርዶ፣ አንገቱን እንደ ማንቆርቆሪያ ጡት ቀና አድርጎ፣ ፊት ለፊት አየኝ። ቆመ። ጣት የማያክል ቀጭን ነው፤ ጀርባው የመስከረም ገብስ ይመስላል፤ ዐይኑ ግን ለራሱ አይመጠንም፣ ከትልቅ እንስሳ የተዋሰው ይመስላል። ሳልሁት። ሁለት ክብ ዐይን፣ ዙሪያው ቢጫ፣ መኻሉ ጥቁር። የዋንዛውን ቅጠል በቀረችኝ አረንጓዴ፣ አበባውን ወረቀቱን ባዶ በመተው አደረግሁት። አላሳፈረኝም። እንዲያውም ራሴን ሳሚ ሳሚ አለኝ።

ሩጬ ለእትዬ ብርቄ በአጥር አቀበልኋቸው። እትዬ ብርቄ ዝም ሲሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱን አራቁት፣ አቀረቡት፣ ነጠላቸውን አጣፉ።

«ይኸስ እባብ አይደለም» አሉ።

«ምነው እትዬ፣ ምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«ሁለት ዐይን አለዋ ሙሽሪት!»

አሁን እናንተም ከኔ ጋር ደንግጡ። ቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ የተባለ ሁሉ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዐይኑ ነው የሚሳለው። ኃጥእ ግን በጎኑ ነው፤ አንድ ዐይን ብቻ ነው የሚሰጡት። ይሁዳ ባንድ ዐይኑ ይቆርሳል፣ ሰይጣን ባንድ ዐይኑ ይቃጠላል፣ ጊዮርጊስ የሚወጋውም ደራጎን ባንድ ዐይኑ ይሞታል። ሠዓሊው ያውቀዋል፣ ቄሱ ያውቀዋል፣ እትዬ ብርቄም ያውቁታል። እኔ ያን ግድግዳ ዕድሜ ልኬን ተሳልሜዋለሁ እንጂ የሰይጣንን ዐይን ቆጥሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሰይጣንን አተኩሮ የሚያይ ማን ነው?

እባቤን በሁለት ዐይን ስዬ ከጻድቃን ጋር አስቀመጥሁት ማለት ነው።

ወሬው እትዬ ብርቄ ጋን ውስጥ ገባ። ሲወጣ፣ በመሪጌታ ግቢ የተሰወረ አድባር አለ፣ ለሙሽሪት በሁለት ዐይኑ ተገለጠላት፣ እርጉዝም የሆነችው በሱ ምክንያት ነው የሚል ሆነ። በገበያ ቀን ከትክል ድንጋይ የመጣች አንዲት ሴት በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ ገባች። ለአማቴ መስሎኝ ተቀበልኋት። ከእጄ መለስ አድርጋ ወስዳ ዋንዛውን ግንዱን ቀባችው፤ ልጅ እንዲሰጣት ለምና፣ ለእኔም ሰግዳ ሄደች። እኔ የሳሙና አረፋ እስከ ክርኔ ድረስ ነበረብኝ፤ «ደህና ግቢ» አልኋት። እሷ ይህን ምርቃት አድርጋ አወራችው።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። አንዷ ንፍሮ ትበትናለች፣ አንዷ ጨሌ ታንጠለጥላለች፣ ቅቤው ፀሐይ ሲመታው በግንዱ ይወርዳል፤ ጉንዳን፣ ውሻና የሰፈር ድመት ሁሉ ደጃችን ሆነ። ገመዴም የታሰረው በዚያው ዛፍ ላይ ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ የሆነ አንድ ደንበኛ ካኪ ሱሪውን አዱኛ ፊት አምጥቶ ዘረጋና፣ ይህን ሱሪ ከለበስሁ ወዲህ ድመት ይከተለኛል ብሎ ከሰሰ። አዱኛ አሽትቶ አየው፤ ለሱሪ የሚሆን ቅቤ አልነበረም፣ ኮረሪማ ሁሉ ነበረበት።

አማቴ ይህን ሁሉ አያውቁም። ጎሕ ሳይቀድ ወጥተው፣ ከማኅሌት ከቅዳሴ፣ ከዚያ ከተማሪዎቻቸው ጋር ውለው ነው የሚመጡ። እኔና አዱኛ ደግሞ ዛሬ እንነግራቸዋለን፣ ነገ እንነግራቸዋለን እያልን ግንዱን በአመድ ስናሽ እንከርማለን። ታዲያ አንድ ቀን ሲወጡ ጫማቸውን ለማጥለቅ ዋንዛውን ተደገፉ። ጋቢያቸው ከግንዱ አልለቅ አለ። እንደምንም ተላቀው ሄዱ፤ በዚያ ቀን ማኅሌት ላይ አጠገባቸው የቆሙት ካህናት ጾም ላይ መሆናቸውን አስታወሱ አሉ። ሽታው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ፣ ያላወቀ ሰው አልነበረም፤ ከመሪጌታ በቀር።

የደብሩ አለቃ ጠርተው ነገሯቸው። በመሪጌታ ግቢ ዛፍ ይመለካል ተብሏል፤ እሑድ ሰንበቴው ላይ ቆመው መልስ ይስጡ፤ መልስ ከሌለ መቋሚያውን ያስረክቡ። አማቴ ቤት ገብተው አልተቆጡም። ያ ነው ያስፈራኝ። ለልጃቸው ብቻ ሁለት ነገር ነገሩት፤ ዛፉ ይቆረጥ፣ ልጂቱም ነገሩ እስኪበርድ አባቷ ቤት ትሰንብት።

አዱኛ ይህን ሲነግረኝ ዐይኑን ከመርፌው አላነሣም። ክሩን ደጋግሞ ሊያስገባ ሞክሮ አልገባለትም።

«ትንሽ ብቻ ነው» አለኝ።

በእኛ አገር «ትንሽ ሰንብቺ» ማለት ጋቢ የለበሰ ፍቺ ነው። እያንዳንዱ ሳምንት አንድ ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ በመጨረሻ ሳጥንሽን በአህያ ጭነው ይልኩልሻል። አክስቴ እንዲህ ሄዳ እስከ ዛሬ እየሰነበተች ነው። እኔ ደግሞ አዱኛን ወድጄዋለሁ፤ ክር የማይገባለት ሰው ቢሆንም።

ስለዚህ መጥረቢያውም አህያውም ሳይመጣ፣ ነገሩን በመጣበት ልመልሰው ተነሣሁ። ጥፋቱ የአንድ ዐይን ትርፍ ከሆነ፣ ማጥፋት ነው። የዳቦ ልብ ወሰድሁና ቀኝ ዐይኑን ፈተግሁት። ተራ እርሳስ በዳቦ ይለቃል፤ ባለ ቀለም እርሳስ ግን እልከኛ ነው፣ ቢጫው ከጥቁሩ ጋር ተለውሶ እባቡ የተደበደበ መሰለ። ምራቄን ጨምሬ ስፈትገው ወረቀቱ ተበሳ። በመስኮቱ አንጻር ከፍ አድርጌ ባየው፣ አንዱ ዐይን በእርሳስ ያያል፣ አንዱ ዐይን በፀሐይ ያበራል። እንዲያ ያለ ቅዱስ ጎንደር ግድግዳ ላይ የለም።

አዱኛ ሙያው ጨርቅ ነውና፣ ከካኪው ቁራጭ ላይ ክብ ቆርጦ በሊጥ ለጠፈበት። አየነው። አንድ ዐይኑን በካኪ የተሸፈነ አረንጓዴ እባብ። ተያየን፤ መሳቅ አማረንና ፈራን። እንዲደርቅ ደጅ አስቀመጥሁት፤ ይኸ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነበር፤ እትዬ ብርቄ በአጥር አዩት። በማግስቱ ሴቶቹ ከቅቤው በተጨማሪ በቅል ጠበል ይዘው መጡ። አድባሩ ዐይኑን ታመመ ተብሎ ነው።

ይህን ጊዜ አማቴ ቤት ነበሩ። ወጡ፤ ሴቶቹን አዩ፤ ሴቶቹም እሳቸውን አዩና ጠበሉን እዚያው አስቀምጠው በአጥር በር ተጋፍተው ወጡ። እኔን ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ እባብ እውነት አለ?»

«አለ አባ።»

«እንግዲያ አሳዪኝ። ካለ፣ በጎኑ፣ ባንድ ዐይን ትስዪዋለሽ፤ እሑድ ይዤው ሄጄ፣ እባብ እባብ ነው፣ ልጂቱ ሳታውቅ ተሳስታ ነው እላለሁ። ከሌለ ግን ጓዝሽን ስሪ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አማትና ምራት ዋንዛው ሥር ተቀመጥን። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔ ከጥፍር የማትበልጥ የአረንጓዴ እርሳስ ስባሪ ይዤ። ፀሐይዋ ወጣች። ጉንዳኑ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። እሳቸው ዳዊት ይደግማሉ፤ እኔ እግሬን እያጠፍሁ እዘረጋለሁ። ሌላ ጊዜ ሳልፈልገው የሚመጣ እባብ፣ ትዳሬን አንጠልጥሎ ቀረ። በልቤ ለመንሁት። እንግዲህ እኔም ከነዚያ ሴቶች በምን ተሻልሁ? ቅቤ አልያዝሁም እንጂ።

ፀሐይዋ ግንዱን ስታሞቀው ቅጠሉ ነቃነቅ አለ። ወረደ። አንገቱን አቀና። መሪጌታን ፊት ለፊት አያቸው።

«አይንቀሳቀሱ አባ» አልሁ በሹክሹክታ።

እሳቸው ግን ጎኑን ማየት አለባቸው፤ የመጡበት ነገር ነዋ። ቀስ ብለው ወደ ግራ አዘነበሉ። እባቡ ራሱን ወደ ግራ መለሰ። ወደ ቀኝ አዘነበሉ፤ ወደ ቀኝ መለሰ። መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ፤ እሱም አንገቱን ከፍ አደረገ። ዝቅ አሉ፤ ዝቅ አለ። ከበሮ ብቻ ነው የጎደላቸው እንጂ ሁለቱ ተያይዘው ወረብ የሚያወርዱ ይመስሉ ነበር። ጎኑን እንደሆነ ለመድኃኒት እንኳ አልሰጣቸውም። በመጨረሻ የሰለቸው እባቡ ነው፤ ምላሱን አውጥቶ አስገብቶ፣ ወደ ቅጠሉ ገባ።

አማቴ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቅጠሉን አዩ።

«ሁለት ነው» አሉ።

«አዎ አባ።»

«ሁለቱም እኔን ነው ያዩ።»

በጎኑ ልሳለው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዐይኔ ያላየው ጎን ቢሆንም እጄ ሐረግ ያውቃልና አያቅተውም ነበር። እርሳስሽን አስቀምጪ አሉኝና ገቡ። ይህ ምን ማለት ነው? አስቀምጪና ተቀመጪ ነው ወይስ አስቀምጪና ሂጂ? አዱኛን ብጠይቀው እሱም አያውቅም። ያን ቀን ጓዜን ሰርቼ ፈታሁት፣ ፈትቼ ሰራሁት። ቀሚሶቼ ደከማቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ሰው ጢም አለ። እኔ ከሴቶቹ በኩል፣ ለመሸሽ በሚያመች ቦታ ቆምሁ። አለቃው ክሱን ተናገሩ። አማቴ ተነሡና ሥዕሉን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ፤ ያንኑ የእኔኑ፣ የካኪ ዐይን ያለውን። በጥፍራቸው ካኪውን ልጠው ጣሉትና ከፍ አደረጉት። ፀሐይ በቀዳዳው ገባች። ሰው ሁሉ ዕልል ሊል ነበር።

«ጸጥ በሉ፤ በዳቦ የተፋቀ ወረቀት ነው» አሉ አማቴ። «እባቡን አየሁት። እባብ ነው። ዐይኑም ሁለት ነው። ሁለት ያደረገለት እሷ አይደለችም፤ ክስ ያለው ወደ ሰጪው ያድርስ። ሁለት ዐይን ያለው ሁሉ ይቀባ ከተባለ ደግሞ፣ የብርቄም ዶሮ ሁለት ዐይን አላት፤ ቅቤ የምታገኘው ግን ድስት ከገባች በኋላ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት አለቃው ናቸው። አለቃ ከሳቀ ደብሩ ይስቃል። እትዬ ብርቄ ዶሮዬን ምን አመጣት እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ ከትክል ድንጋይ የመጣችው ሴት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አለቃው ዕንባቸውን ጠርገው፣ ዛፉስ ምን ይሁን ብለው ጠየቁ። ዋንዛ ነው፣ ጥላ ይሰጣል፣ ቅቤ የቀባውን ግን እኔው በመቋሚያዬ እቀባዋለሁ አሉ አማቴ።

«ልጂቱስ?»

እግሬ ወደ በሩ ዞረ። እውነቴን ነው፤ ራሴ እዚያው ቆሜ እግሬ ዞረ።

«ልጂቱ ያየችውን ሳለች» አሉ አማቴ። «ያላየችውን ስላ ቢሆን አባቷ ቤት እኔ ራሴ አደርሳት ነበር። ቤቷ ናት።»

ከወንዶቹ በኩል ራቅ ብሎ የቆመው አዱኛ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ዳቦ ቆርሼ በላሁ፤ በዚያ ሳምንት የጣመኝ የመጀመሪያ ጉርሻ ነበር።

ቤት ስንገባ ጓዜን ለመጨረሻ ጊዜ ፈታሁ። ሴቶቹ ቀስ በቀስ ቀሩ፤ ጉንዳኖቹ ግን ለመተው ጊዜ ፈጀባቸው። እባቡንም አልፎ አልፎ አየዋለሁ፤ ሰላም አንባባልም፣ አንጣላም። እርጉዝ ነሽ የተባልሁትም ነገር ከጊዜ በኋላ እውነት ሆነና፣ እትዬ ብርቄ አላልሁም ወይ እያሉ ከአጥር እስከ አጥር ኮሩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዱኛ አዲስ እርሳስ ገዛልኝ። ደጅ ሆኜ ስቀርጽ፣ አማቴ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፣ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ጢማቸውን አበጠሩ። ነገሩ ገባኝና ወረቀት አወጣሁ። ብርሃኑ ግን ከበስተቀኝ ነበር፤ አፍንጫቸውም በእውነት በጎን ሲታይ ነው የሚያምረው። ስለዚህ፣ አባ፣ ፊትዎን ትንሽ ወደ አጥሩ ዞር ያድርጉልኝ፣ በጎንዎ ልሳልዎ አልኋቸው።

ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። ሁለቱንም ዐይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ፣ «ምን በደልሁሽ?»